የመሸበት እንግዳ በቦሌ፦ ስለ አጭር የመሸጋገሪያ ቆይታና ስለ ላስታ ደጋ ድርሻ

መነሻ

በሰሜን ወሎ ዞን በግዳን ወረዳ፣ በሙጃና በአካባቢው ባሉ የላስታ ደጋዎች፣ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ማለቱ ነውር አልነበረም። ከውስጥ የሚመለሰውም ቃል የታወቀ ነው፦ «ቤት የእግዜር፤ ይግቡ!» እንግዳው ከገባ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ቅደም ተከተል አለው። አስቀድሞ ከእሳቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ ውኃ ይሞቅለትና እግሩን ይታጠባል፤ ከዚያ ቆሎ፣ ቀጥሎም የገብስ እንጀራ ይቀርብለታል። ወሬ የሚጠየቀው ከጠገበ በኋላ ነው፤ ያውም ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓትም መነሣት እንዳለበት ለማወቅ ነው። ከዚያ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፎለት ይተኛል። ወፍ ሲንጫጫ ባለቤቱ ይቀሰቅሰዋል፤ እስከ መገንጠያውም ይሸኘዋል።

ይህ ልማድ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የደግነት ምስክር ተደርጎ ነው። ደግነትነቱ አያከራክርም። ይሁን እንጂ በውስጡ ከደግነት ሌላ ዕውቀት አለ። ጥቂት ሰዓታት ብቻ ያለውን፣ የደከመውንና ነገ ሌላ ቦታ መድረስ ያለበትን ሰው እንዴት ማስተናገድ እንደሚገባ በዘመናት የተፈተነ ዕውቀት ነው። ደገኛው አስተናጋጅ እንግዳውን በሌሊት ቀስቅሶ ተራራውንና ቤተ ክርስቲያኑን ላስጎብኝህ አይልም፤ ያለውን ጥቂት ነገር በሙሉ ልብ ሰጥቶ በሰዓቱ ይሸኘዋል። ዛሬ አዲስ አበባ በየቀኑ እጅግ ብዙ «የመሸበት እንግዳ» የምትቀበል ከተማ ሆናለች። እንግዶቿን ለማስተናገድ ከሲንጋፖርና ከኢስታንቡል ብዙ መማር ትችላለች፤ ከሙጃ ግን የበለጠ ትማራለች።

ማለፊያ የሆነች ከተማ

አዲስ አበባ የአየር መሸጋገሪያ የሆነችው በአንድ ጀምበር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ በመጋቢት መጨረሻ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን የጄት አውሮፕላኖች ሲረከብ፣ ልደታ የነበረው ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። በ1995 ዓ.ም. አዲሱ የዓለም አቀፍ መንገደኞች ተርሚናል ተከፈተ፤ በጥር 2011 ዓ.ም. ደግሞ የማስፋፊያው ሥራ ተመርቆ ኤርፖርቱ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኞችን የማስተናገድ አቅም እንዳለው ተነገረ። በዚያው ጊዜ ከኤርፖርቱ አጠገብ ስካይላይት ሆቴል ተከፈተ። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው ሌላ ታላቅ ኤርፖርት ደግሞ የመሸጋገሪያነቱ ድርሻ ወደፊት ይበልጥ እንደሚሰፋ ያመለክታል።

በዓለም አቀፍ በረራ ወደ ቦሌ ከሚመጡት መንገደኞች አብዛኞቹ መድረሻቸው አዲስ አበባ አይደለም። ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጡት በማለዳ ይገቡና ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ፤ ከአፍሪካ የሚመለሱት ደግሞ ወደ ማታ ተሰብስበው እኩለ ሌሊት አካባቢ ይነሣሉ። ለብዙዎቹ ኢትዮጵያ ማለት አንድ አዳራሽ፣ አንድ ስኒ ቡና፣ በመስኮት የታየ የቆርቆሮ ጣሪያና ከሩቅ የሚታይ የእንጦጦ ጋራ ናት። ጥቂቶቹ ግን ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም ሃያ ሰዓት ይቆያሉ። በእነዚህ ሰዓታት ምን ቢደረግ ይሻላል?

ለዚህ ጥያቄ የተለመደው መልስ የቦታዎች ዝርዝር ነው፤ ሙዚየም፣ እንጦጦ፣ መርካቶ፣ ቤተ መንግሥት፣ ካቴድራል፣ ቡና፣ የባህል ምሽት፣ ሁሉም በአንድ ቀን። ዝርዝሩ እንግዳውን አያውቀውም። መቼ እንደተኛ፣ መቼ እንደሚነሣ፣ በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደቆመ አይጠይቅም። የደጋው ልማድ ግን ሦስት ነገሮችን ያስቀድማል፦ የመነሻውን ሰዓት ማወቅ፣ ከትዕይንት በፊት ዕረፍትን መስጠት፣ ብዙ ነገር በቁንጽል ከማሳየት አንድ ነገር በሙሉ ማቅረብ።

የሰዓት ሒሳብ

የስምንት ሰዓት ቆይታ ያለው መንገደኛ ስምንት ሰዓት የለውም። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ቪዛ የሚያስፈልገው ከሆነ አስጨርሶ፣ የኢሚግሬሽን ሰልፍ አልፎ እስኪወጣ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ለሚቀጥለው በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መመለስ ጥንቃቄ ነው። ከቀሩት አራት ሰዓታት ውስጥ ከተማው መንገድ ላይ የሚወስደው ለደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓትም ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ በእጅ የሚቀረው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ይህ ጊዜ ለአንድ ቦታና ለአንድ ማዕድ ይበቃል፤ ለሁለት ቦታ ግን አይበቃም። ቆይታው ከስድስት ሰዓት በታች የሆነ መንገደኛ ደግሞ ከተርሚናሉ ባይወጣ ይመረጣል።

ሰዓቱ ለአንድ ሰፈር ብቻ ከሆነ ሰፈሩ በጥንቃቄ ይመረጥ። ቀን ለሚያርፍ መንገደኛ ከአምስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ብቻውን ይበቃዋል። በብሔራዊ ሙዚየም በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችውን፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመተውን የድንቅነሽን ታሪክና የአጽሟን ቅጂ ያገኛል። ከዚያ በእግሩ ጥቂት ሄዶ፣ ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በነበረውና አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሆነው ገነተ ልዑል ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ይጎበኛል። ጊዜው የጠበበበት ሰው ለኤርፖርቱ የቀረበውን የመስቀል አደባባይን አካባቢ ይምረጥ፤ እዚያ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበትና የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል የሚገኝበት የአፍሪካ አዳራሽ ቆሟል። ማታ ለሚያርፍ ሰው ግን ሙዚየሞቹ ዝግ ናቸው፤ ለእሱ የሚሻለው ጥሩ እራት፣ እስከ ሦስተኛው ስኒ የሚዘልቅ ቡናና እንቅልፍ ነው።

ሦስት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች የብዙ መንገደኛን ቆይታ ያበላሻሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። በትኬት ላይ የተጻፈው 10 ሰዓት በከተማው ሰው አፍ አራት ሰዓት ነው፤ ሾፌርና መንገደኛ «በአሥር ሰዓት እንገናኝ» ብለው ከተለያዩ ስድስት ሰዓት ሊተላለፉ ይችላሉ። ሁለተኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሌሊቱን ሳይተኛ የመጣን ሰው በቀጥታ ወደ ጋራ ማውጣት ማስተናገድ ሳይሆን ማድከም ነው። ሦስተኛው ማዕድ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ወራት፣ ብዙ ቤቶች የጾም በያይነቱ ያቀርባሉ፤ ይህን አስቀድሞ የተነገረው እንግዳ ምርጫ እንደጠበበበት ሳይሆን የአገሩን የጊዜ ሥርዓት እንደቀመሰ ይቆጥረዋል።

ሌሎች ከተሞች ይህን ሒሳብ ቀድመው ሠርተውታል። የሲንጋፖሩ ቻንጊ ኤርፖርት ቢያንስ አምስት ሰዓት ተኩል የሚቆዩ መንገደኞችን በነፃ ከተማ ያስጎበኛል፤ የቱርክ አየር መንገድም ከስድስት እስከ ሃያ አራት ሰዓት ለሚቆዩ መንገደኞቹ በኢስታንቡል ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። የእነዚህ አገልግሎቶች ጥንካሬ የሚያሳዩት ነገር ብዛት አይደለም። መንገደኛው በረራው እንደማያመልጠው አስቀድሞ ስለሚያውቅ በተረጋጋ ልብ ይወጣል። የደጋው ባለቤት እንግዳውን ወፍ ሲንጫጫ እንደሚቀሰቅሰው ቃል ስለሚገባለት እንግዳው በሰላም እንደሚተኛ ማለት ነው።

ላሊበላን በአንድ ቀን?

ለረዥም ቆይታ መንገደኞች ላሊበላን «በአንድ ቀን ደርሶ መልስ» ማቅረብ የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። በረራው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ኤርፖርቱም ከከተማዋ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በወረቀት ላይ ሲታይ ይቻላል። ነገር ግን በጭጋግ የዘገየ አንድ የጠዋት በረራ ብቻ የመንገደኛውን አህጉር አቋራጭ ጉዞ ያፋልሳል። ከዚያም በላይ፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሩጫ የሚታዩ አይደሉም። ጫማ አውልቆ የሚገባባቸው፣ ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስባቸው ቤቶች ናቸው። እዚያ ለመሄድ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር ያስፈልጋል፤ ሁለት ሌሊት ቢሆን ይሻላል። ከዚህ ያነሰ ጊዜ ላለው ሰው ላሊበላን መሸጥ እንግዳውንም ቅርሱንም ማዋረድ ነው።

ሌላም እውነት አለ። ላስታ ባለፉት ዓመታት እንግዳ የራቀው አገር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገሪቱ ሲገባ ጉብኝት ቆመ። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላሊበላ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ቀና ለማለት ይሞክር የነበረውን ሥራ መልሶ አደቀቀው። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ ጠላና ጠጅ ሻጯ፣ ለሆቴሎቹ በግና ገብስ ያቀርብ የነበረው ደገኛ ሁሉ ገቢያቸው ከእንግዳው ጋር ሄደ። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ጊዜ እንግዳን «ና» ማለት ቃልን ማጉደል ነው። ሰላም እስኪሆን እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ደግሞ ሙያውንም ባለሙያውንም ማጣት ነው።

ሙጃ ወደ ከተማው ሲመጣ

ታዲያ እንግዳው ወደ ላስታ መሄድ ካልቻለ፣ ላስታ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ወደ እንግዳው ይምጣ። ሙጃ በየትኛውም የቆይታ ሒሳብ ውስጥ የምትገባ ከተማ አይደለችም። ከላሊበላ እንኳ ወደ እርሷ የሚደረገው ጉዞ ራሱን የቻለ የደጋ መንገድ ነው። የሙጃ ቤት ግን አዲስ አበባ ሊገባ ይችላል።

እዚህ ላይ ከደጋው ራሱ የሚወሰድ አርአያ አለ። በጎረቤት መቄት ወረዳ «ተስፋ» በሚል ስም የታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ በፊት ተጀምሮ ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎችን ሠርተው፣ በአህያ ዕቃ ጭነው፣ በእግር የሚሄዱ ጎብኚዎችን እያሳደሩ ገቢውን ለማኅበረሰቡ የሚያደርጉበትን ሥርዓት አሳይቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ እንግዳ የሚቀበለው ደላላ ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ሲሆን፣ እንግዳውም ያየው ነገር እውነተኛ ይሆናል፤ ገንዘቡም ወደ ባለቤቱ ይደርሳል።

ይህንኑ መርህ ከቦሌ ብዙም በማይርቅ አንድ ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ከላስታና ከግዳን በተውጣጣ የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚተዳደር የእንግዳ ቤት ይሁን። እንግዳው ሲገባ ውኃ ይቅረብለት፤ ቆሎ፣ በሶ፣ የገብስ እንጀራ፣ የደጋ ማር ይቅመስ። ከተቀመጠበት መደብ ላይ የተነጠፈውን ባናና አጎዛ የሠሩት እጆች የማን እንደሆኑ ይነገረው፤ ከወደደም ይግዛው። ሥራ የፈታ የላሊበላ አስጎብኚ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዱን ቤተ ክርስቲያን፣ ለምሳሌ ቤተ ጊዮርጊስን፣ ከአለት እንዴት ከላይ ወደ ታች እንደተፈለፈለ፣ ውኃው በየት እንደሚወርድ፣ ምእመኑ በየት እንደሚገባ በሥዕልና በቃል ያስረዳው። አሥራ አንዱን አይዘርዝርለት፤ አንዱን በሙሉ ይስጠው። ስለ አቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ስለሚደርሰው ከፍታውና በዚያ ስለሚኖሩት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚናገርም ደገኛ አይታጣም። ሰዓቱ ሲደርስ እንግዳው እስከ ኤርፖርቱ በር ይሸኝ። ከዚህ ቤት የሚወጣ ሰው ላሊበላን አላየም። በሰላሙ ቀን ግን ሊያያት የሚመለስበት ምክንያትና የሚያውቀው አንድ ሰው ይኖረዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ እንግዳ መቀበል በገንዘብ ሲሆን ወደ ትርኢት ይለወጣል የሚል ነው። ሥጋቱ እውነት ነው። መልሱ ድንበር ማበጀት ነው፦ ቅዳሴ፣ ማኅሌት፣ ታቦትና ንዋየ ቅድሳት ለመንገደኛ መዝናኛ አይቀርቡም፤ ቡና፣ ማዕድ፣ ሽመናና ታሪክ ግን ድሮም ለእንግዳ የሚቀርቡ ነበሩ። ሁለተኛው ተቃውሞ የጥቂት ሰዓት መንገደኛ የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው ይላል። ይህም እውነት ነው። ዛሬ ከእንግዳ አንዳች ለማያገኝ የደጋ ቤተሰብ ግን ጥቂቱ ጥቂት አይደለም። ሙያውን ረስቶ ወደ ሌላ ከመሰደድ የዳነ አስጎብኚም ሰላም በሆነ ማግሥት የሚሠራ ሰው ነው።

ሌላው መንገደኛ

በቦሌ አዳራሽ የሚያልፈው የውጭ አገር ሰው ብቻ አይደለም። ከሰሜን ወሎ ወደ ሪያድ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ዱባይ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ወጣት ሴቶችም ያልፋሉ። ከሙጃ የምትነሣ ልጅ ወልድያ ደርሳ፣ በአውቶቡስ ላምበረት መናኸሪያ ወርዳ፣ በረራዋ እስኪደርስ አዲስ አበባ የምትቆየው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። እሷም አጭር ቆይታ ላይ ናት፤ ምናልባትም በሕይወቷ ያየችው የመጀመሪያው ታላቅ ከተማ ይህ ነው። ነገር ግን ለእሷ የተዘጋጀ የከተማ ጉብኝት የለም። ብዙ ጊዜ የሚጠብቃት ደላላ፣ ጠባብ አልጋና ጥድፊያ ነው።

ስለ አጭር ቆይታ አጠቃቀም የሚጻፍ ነገር ሁሉ እሷን ከዘነጋ ጎዶሎ ነው፤ የአንዱ መንገደኛ ሰዓት ቢባክን የሚጠፋው አንድ ትዝታ ሲሆን፣ የእሷ ሰዓት ቢባክን ግን የዓመታት ድካም ሊጠፋ ይችላልና። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ የሚሄድ ሰው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው እንዲሆንና ቅድመ ጉዞ ገለጻ እንዲሰጠው ይደነግጋል። ከዚህ ባሻገር እነዚያ ሰዓታት ሊውሉባቸው የሚገቡ ጉዳዮች ግልጽ ናቸው። የሥራ ውሏን በምትረዳው ቋንቋ ማስነበብ፤ የፓስፖርትና የውል ቅጂዎችን ለቤተሰብ ማስቀረት፤ በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ መክፈት፤ በምትሄድበት አገር ያለውን የኤምባሲ ወይም የቆንስላ ስልክ በቃል መያዝ፤ ወደ ቤት ደውሎ የአሠሪውን ስምና አድራሻ ማስመዝገብ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን መፈጸም ይቻላል፤ የሚያስፈልገው የሚቀበላት ሰው ነው።

ከላይ የታሰበው የደጋ ቤት ይህን ሥራ ጭምር ቢይዝ ሁለቱን መንገደኞች በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኛል። የውጭው እንግዳ የሚከፍለው ገንዘብ የአገሩን ልጅ ማደሪያ ይደጉማል። በወላጆቿ ቤት ለእንግዳ የሚነጠፈው አጎዛ በከተማም ይነጠፍላታል።

ማጠቃለያ

አዲስ አበባ ወደ ሌላ የሚያሻግር ደጅ ሆናለች፤ ይህ ዕድል በቦታዎች ዝርዝርና በማስታወቂያ ብቻ አይሠራበትም። የሚሻለው የሰዓቱን ሒሳብ በሐቅ መሥራት፣ ለእንግዳው ከትዕይንት በፊት ዕረፍት መስጠት፣ አንድ ነገር በሙሉ ማቅረብና በሰዓቱ መሸኘት ነው። የከተማው አስተዳደር፣ አየር መንገዱና የአማራ ክልል የቱሪዝም ተቋማት ተባብረው አንድ ቤት በሙከራ ቢከፍቱ የሚወጣው ወጪ ከአንድ ዓለም አቀፍ የማስታወቂያ ዘመቻ የሚበልጥ አይሆንም። የሥራው ባለቤቶች ግን ከላስታና ከግዳን የሚመጡት ሰዎች ይሁኑ፤ ከተማው ሊማረው የሚገባውን ነገር በተግባር የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። በሙጃ ደጃፍ የቆመ እንግዳ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ «ይግቡ» ተብሏል። በቦሌ የሚያልፈው ባዕድም፣ በላምበረት የምትወርደው የሙጃ ልጅም፣ ያው ቃል ይገባቸዋል።